አንዱ ሸሪክ ፈርሞ ሌላው ሲከፍል፦ በድሬዳዋና በሐረር ገበያ የሽርክና ፊርማ ማንን ያስራል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዱቤና በቅድሚያ ውል የሚሠራ ነጋዴ ውሉ በተፈረመበትና ዕቃው በሚረከብበት ቀን መካከል ዋጋ ሊገለባበጥ እንደሚችል አይቷል። ዋጋ ሲገለባበጥ ኪሳራው የወደቀበት ወገን ከውሉ የሚወጣበትን ቀዳዳ መፈለጉ አይቀርም። ውሉ በሽርክና ከሚሠራ ድርጅት ጋር የተፈረመ ከሆነ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፦ «የፈረመው ሸሪኬ ነው፣ እኔ አልሰማሁም፣ እንዲህ ያለ ውል የመፈረም ሥልጣንም አልነበረውም።»

መከላከያው አልፎ አልፎ ይሠራል፤ በአብዛኛው ግን አይሠራም። የሚሠራና የማይሠራ መሆኑ የሚወሰነው ደግሞ ብዙ ሸሪኮች በሚያስቡት ቦታ አይደለም። ሸሪኮቹ ሱቃቸው ውስጥ፣ በሽማግሌ ፊት ወይም በደብተር ላይ «ከዚህ መጠን በላይ ብቻህን እንዳትገዛ» ተባብለው ሊሆን ይችላል። ዳኛው የሚመረምረው ግን ውጭ ያለው ሻጭ ወይም ገዢ ምን እንዳየና ምን ማየት ይገባው እንደነበር ነው። ሸሪኩን መገደብ የሚፈልግ ሰው ገደቡን የውጭ ሰው (ከሽርክናው ውጭ ያለ ተዋዋይ) በሚያየው ቦታ ካላስቀመጠ በሕግ ዓይን ገደብ እንዳላደረገ ሊቆጠር ይችላል።

መጀመሪያ፣ ምን ዓይነት ሽርክና ነው?

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሰባት ዓይነት የንግድ ማኅበራትን ያውቃል። በ1952ቱ ሕግ የነበረው ተራ የሽርክና ማኅበር አዲሱ ዝርዝር ውስጥ የለም። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልጉን አራቱ ናቸው፦ የኅብረት ሽርክና፣ ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ያለበት ሽርክና፣ የእሽሙር ማኅበርና ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር። ጥያቄው ሁልጊዜ «ሸሪኩ ሊያስረኝ ይችላል?» የሚል ቢሆንም መልሱ እንደ ዓይነታቸው ይለያያል።

በኅብረት ሽርክና ሁሉም ሸሪኮች ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ (እያንዳንዱ ለሙሉው ዕዳ)፣ በግል ንብረታቸው ጭምር ይጠየቃሉ። በመካከላቸው «የእኔ ኃላፊነት ከድርሻዬ አይበልጥም» ብለው ቢጽፉም ጽሑፉ በባለገንዘቡ (ዕዳው በሚከፈለው ሰው) ላይ አይሠራም። መመሥረቻ ጽሑፉ ሥራ አስኪያጅ ካልሰየመ ሁሉም ሸሪኮች እንደ ሥራ አስኪያጅ ይቆጠራሉ። በዚህ ነጥብ ብዙዎች ይሳሳታሉ። «እኛ ሥራ አስኪያጅ የለንም፣ ስለዚህ ማንም ብቻውን መፈረም አይችልም» ብለው ያስባሉ። ሕጉ የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ ሥራ አስኪያጅ ካልተሰየመ ማንኛቸውም መፈረም ይችላሉ።

ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ባለበት ሽርክና፣ ኃላፊነቱ እስከ መዋጮው ብቻ የተወሰነው ሸሪክ ሥራ ማስኬድ አይችልም። ውክልና ቢሰጠው እንኳ ገደቡ አይነሳለትም። ጥሶ ከውጭ ሰው ጋር ከተዋዋለ ማኅበሩን ከማሰር አልፎ ራሱን ያስራል፤ ለዚያ ሥራ ዕዳ እንደ ሙሉ ሸሪክ በግሉ ይጠየቃል። ገንዘብ ያዋጣ ዘመድ ሱቁ ላይ ቁጭ ብሎ ዋጋ ሲከራከርና ሲፈርም ይህን አያስተውልም።

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በትክክለኛው ስሙ ሽርክና ባይሆንም ገበያው ውስጥ ባለድርሻዎቹ «ሸሪክ» ይባላሉ። እዚህ ባለድርሻ መሆን ብቻውን የመፈረም ሥልጣን አይሰጥም፤ የሚፈርመው የተሰየመው ሥራ አስኪያጅ ነው። 60 በመቶ ድርሻ ያለው ሰው ሥራ አስኪያጅ ካልሆነ ፊርማው ማኅበሩን አያስርም፣ 5 በመቶ ያለው ሥራ አስኪያጅ ግን ያስራል።

አንድ ፈቃድ፣ ሁለት ባለቤት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በድሬዳዋ ታይዋንና ቀፊራ፣ በሐረር ፈረስ መጋላና ሸዋ በር ብዙው ሽርክና የኅብረት ሽርክናም የግል ማኅበርም አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ንግድ ፈቃዱና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ በአንዳቸው ስም ይወጣል፣ ሌሎቹ መጋዘን ይይዛሉ፣ ዕቃ ያመጣሉ፣ ዱቤ ይሰበስባሉ። በሕግ ቋንቋ ይህ ለእሽሙር ማኅበር ይቀርባል፤ ለውጭ ሰው ያልተገለጠ፣ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት የሌለው ሽርክና ማለት ነው።

የእሽሙር ደንቡ ቀላል ነው። የተዋዋለው በራሱ ስም ይታሰራል። ከጀርባ ያለው ሸሪክ ለውጭው ሰው አይታይም፣ ስለዚህ አይጠየቅም፤ ትርፉንና ኪሳራውን ሁለቱ በመካከላቸው ይተሳሰባሉ። ይህ የተደበቀው ሸሪክ የሚወደው ክፍል ነው። የማይወደው ክፍል ሽርክናው ለውጭ ሰው ከተገለጠ ማኅበሩ ለዚያ ሰው እንደ እውነተኛ ሽርክና መቆጠሩ ነው። መገለጥ ሲባል አዋጅ ማስነገር አይደለም። ደረሰኝ ላይ የሁለቱ ስም መታተሙ፣ የሱቁ ማስታወቂያ «እገሌና እገሌ» ማለቱ፣ ሁለቱም አቅራቢው ዘንድ ሄደው «የጋራ ሥራችን ነው» ማለታቸው፣ ዱቤው ካንዱ ባንክ ሒሳብ አንድ ወር፣ ከሌላው ሌላ ወር መከፈሉ ለዳኛ በቂ ፍንጭ ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል ፈቃዱ በስሙ የወጣው ሸሪክ ሁልጊዜ ከፊት ነው። ሌላው በዚያ ፈቃድ የሸጠውና የገዛው፣ የቆረጠው ደረሰኝ፣ ያልከፈለው ግብር ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እሱ ነው። በዚያ ላይ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 የንግድ ፈቃድን ሌላ ሰው እንዲሠራበት አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ፈቃዱ የእኔ ነው፣ የሠራበት ግን እሱ ነው» የሚል ሰው ለመዳን ብሎ ሌላ ጥፋት እያመነ ነው። ይህን የመከላከያ መልሱ ላይ ከመጻፉ በፊት ጠበቃው ሊያስቆመው ይገባል።

በእኛ ግምገማ፣ ከአንድ ዓመት በላይ አብረው ለመሥራት ያሰቡ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰው ፈቃድ የሚቆዩበት በቂ ምክንያት የለም። የኅብረት ሽርክና ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርም ዝቅተኛ ካፒታሉ 15,000 ብር ነው፤ ዛሬ ይህ ገንዘብ የአንድ መለስተኛ ሱቅ የወር ኪራይ ላይሸፍን ይችላል።

ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ምን ይፈርማል?

የተመዘገበ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ለንግዱ የተለመደውን ሁሉ ብቻውን ያደርጋል። ዕቃ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ዕዳ ይሰበስባል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ ቼክ ይፈርማል። የዕለት ዕቃ ሽያጭ ውል የጽሑፍ ፎርም አይፈልግም። ሥራ አስኪያጁ በስልክ «400 ካርቶን ጫንልኝ» ካለና ዕቃው ከተጫነ ውሉ አለ፤ ክርክሩ የሚሆነው ማስረጃው ላይ ብቻ ነው። የቴሌግራም መልእክት፣ የጭነት ወረቀት፣ መጋዘን ጠባቂው የፈረመው የርክክብ ቅጽ ማስረጃውን ይሞላሉ።

ብቻውን ሊፈርማቸው የማይገቡ ነገሮችም አሉ፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥና በመያዣ መስጠት፣ ስጦታ፣ ከንግዱ ዓላማ ውጭ የሆነ ሥራ። መመሥረቻ ጽሑፉ ወይም በቃለ ጉባኤ የተሰጠ ልዩ ፈቃድ ከሌለ እነዚህን የፈረመ ሥራ አስኪያጅ ከሥልጣኑ አልፏል።

እዚህ ላይ ሥራ አስኪያጅንና ተወካይን የሚለየው ነገር ብዙ ሰው ያደናግራል። አንዱ ሸሪክ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ጅግጅጋ ሲሄድ ለሌላው ወይም ለወንድሙ «ጠቅላላ ውክልና» ሰጥቶ ይሄዳል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2203 እንደሚለው ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚፈቅደው። አስተዳደር ሲባል በቁጥር 2204 መሠረት ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ እንዲሁም ለሽያጭ የተዘጋጀ ወይም ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ መሸጥ ነው። ጫትና አትክልት የሚያስተላልፍ ድርጅት ተወካይ በጠቅላላ ውክልና መሸጥ የሚችለው በዚህ መሠረት ነው፤ ጫት እስከ ነገ አይጠብቅም፣ ሕጉም ይህን ያውቃል።

ቁጥር 2205 ግን በሩን ይዘጋል። መሬትና ቤት መሸጥ ወይም ማስያዝ፣ ካፒታል ማዋል፣ የሐዋላ ሰነድ (ገንዘብ እንዲከፈል የሚያዝ የንግድ ወረቀት) መፈረም፣ በእርቅ መጨረስ፣ በግልግል ዳኝነት ለመዳኘት መስማማት፣ ስጦታ መስጠት፣ መክሰስና መከሰስ እያንዳንዱ ልዩ ውክልና ይፈልጋል። የውክልና ወረቀቱ «ማንኛውንም ሥራ እንዲሠራልኝ» ቢል በቂ አይደለም፤ ሥራው በስሙ መጠራት አለበት። በዚህ ምክንያት የሚወድቁ ውሎች ጥቂት አይደሉም። በጠቅላላ ውክልና የተፈረመ የእርቅ ስምምነት፣ በጠቅላላ ውክልና የተፈረመ የግልግል አንቀጽ፣ ችግር መኖሩ የሚታወቀው ሰነዱ ፍርድ ቤት ሲደርስ ነው።

ፎርምም አለ። ቁጥር 2200 ሕጉ ለውሉ የተለየ ፎርም ካዘዘ ውክልናውም በዚያው ፎርም እንዲሰጥ ያስገድዳል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በቁጥር 1723 በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መሆን ስላለበት፣ ለእሱ የሚሰጥ ውክልናም እንደዚያው ነው። ድሬዳዋ ለዚህ ሥራ የፌዴራል የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት አለ፤ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ውክልና፣ የውክልና መሻርና የማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ እዚያ እንዲረጋገጡ ያዝዛል። ሐረር ውስጥ ይህን የሚያደርገው ክልሉ ሥልጣን የሰጠው አካል ነው። ፊርማው አሻራ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በቁጥር 1728 መሠረት ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አሻራ በአዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስረውም።

ዋስትናን ለየብቻ እናንሳው፣ ብዙ ሽርክና ያፈረሰ እሱ ነውና። አንዱ ሸሪክ የአክስቱ ልጅ ባንክ ሲበደር በድርጅቱ ማኅተም ዋስ ይሆናል። ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆን የንግዱ የተለመደ ሥራ አይደለም፣ ማኅበሩ የሚያገኘውም ጥቅም የለም። ሌላው ሸሪክ «የፈረመው ሥልጣን አልነበረውም» ለማለት እዚህ ጥሩ ምክንያት አለው። ዋስትናው በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከፍተኛው የዋስትና መጠን በቁጥር ካልተገለጸም ውጤት የለውም። ዋስትናው የተጻፈው «ለዕዳው ሁሉ» ተብሎ ከሆነ የሥልጣን ጥያቄ ሳይነሳ እንኳ ሊወድቅ ይችላል። ተበዳሪው የፈራሚው ዘመድ ከሆነና ባንኩ ይህን የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ቁጥር 2187 የጥቅም ግጭትን አንስቶ ውሉ እንዲሰረዝ ለመጠየቅ መንገድ ይሰጣል።

ከሥልጣን ያለፈ ፊርማ ምን ይሆናል?

ሥልጣኑን አልፎ የፈረመ ሸሪክ ሲገኝ ማኅበሩ ሁለት ምርጫ አለው፤ ያጸድቃል ወይም ይቃወማል። ከተቃወመ ውሉ በማኅበሩ ላይ አይሠራም፣ ፈራሚው ለሌላው ወገን ጉዳት በግሉ ይጠየቃል። በቅን ልቦና የተዋዋለው ሰው ማኅበሩን «ታጸድቃላችሁ ወይስ አታጸድቁም? አሁኑኑ ንገሩኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ በአፋጣኝ ካልጸደቀለት እንደተተወ ይቆጠራል።

ችግሩ የሚመጣው ሸሪኮች በወረቀት ሳይጸድቅ በተግባር ማጽደቃቸው ነው። «ሳንስማማ ነው የገዛው» እያሉ ዕቃውን መጋዘን ያስገባሉ፣ ግማሹን ይሸጣሉ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ይከፍላሉ፣ ከዚያ ዋጋ ሲወርድ ወደ ሥልጣን ጥያቄ ይመለሳሉ። በዚያ ጊዜ አይሰማም። ለመቃወም ያሰበ ሸሪክ ያወቀ ዕለት ወይም በማግስቱ ሦስት ነገር ማድረግ አለበት። ዕቃው እንዳይነካ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ለሻጩ በጽሑፍ «ውሉን አንቀበልም፣ ዕቃችሁን ውሰዱ» ብሎ ደብዳቤ ማስረከብ፣ የማስረከቢያውን ቅጂ በፊርማና በቀን ማስቀረት። ሻጩ ፈርሞ አልቀበልም ካለ በአደራ ፖስታ ይላካል። ከሳምንት በኋላ የተጻፈ ደብዳቤም ዋጋ ቢኖረው ጥቂት ነው፤ ሻጩ «ዋጋው ወርዶ ሲያይ ነው የተጸጸተው» ይላል፣ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው።

መቃወም የማይረዳበት ሁኔታም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2195 ሰውየው ሥልጣን ያለው እንዲመስል ያደረገ ባለቤት አብሮ እንዲጠየቅ ያደርጋል። ሦስት መንገዶችን ያነሳል፦ ሥልጣን መኖሩን ለሌላው ነግሮ መሻሩን ሳይነግር መቅረት፤ ውክልናውን ከሻረ በኋላ ሰነዱን አለማስመለስ፤ በአነጋገር፣ በአድራጎት ወይም ማድረግ የሚገባውን ባለማድረግ ሌላውን ማሳሳት። ማኅተም በዚህ ሦስተኛው መንገድ ይገባል። ሕጉ ለውል መጽናት ፊርማ እንጂ ማኅተም አይጠይቅም። ማኅተሙ ግን ሸሪኩ እጅ ካለ፣ ለሁለት ዓመት በእሱ ፊርማ ዕቃ ተገዝቶ በማኅበሩ ሒሳብ ከተከፈለ፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ «ሥልጣን አልነበረውም» ማለት የሚከብድ ነገር ነው።

ገደቡን የት ማስቀመጥ?

ገደብ የሚጻፈው መመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ነው። መመሥረቻ ጽሑፉ ተረጋግጦ ንግድ መዝገብ ሲገባ የውጭ ሰው ሊያየው ወደሚችልበት ቦታ ደርሷል። በተለየ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ገደብ ግን በቅን ልቦና በተዋዋለ ሰው ላይ አይቆምም። ሸሪኩ ገደቡን በመጣሱ ለካሣ ሊከሰስ ይችላል፣ ውጭ ያለው ግን ገንዘቡን ያገኛል።

ብዙ መመሥረቻ ጽሑፎች «ማንኛውም ውል በሁለቱም ሸሪኮች ፊርማ ይፈጸማል» ይላሉ። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፣ ሆኖም አንመክረውም። አንዱ ለሁለት ሳምንት ጅቡቲ ወደብ ላይ ከቆየ ሱቁ የስሚንቶ ጭነት መቀበል ያቅተዋል። ከዚያ ምን ይሆናል? ሁለቱ ገደቡን በጋራ ስምምነት መጣስ ይጀምራሉ፣ በሦስተኛው ወር አንቀጹ ሙት ነው፣ አቅራቢዎቹም አንድ ፊርማ ለምደዋል፣ ቁጥር 2195 ሥራውን ይጀምራል። የጣምራ ፊርማን ለአራት ነገር ብቻ መተው ይሻላል፦ ብድር፣ ዋስትና፣ ቋሚ ንብረት፣ እና ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ግዢ። ሌላውን ሁሉ አንዱ ብቻውን ይሥራ።

መጠኑ ሲጻፍም ቀዳዳ አይተው። «ከ300,000 ብር በላይ የሆነ ግዢ» ብቻ ከተባለ ፈራሚው የ900,000 ብር ግዢ ለአራት ደረሰኝ ይከፋፍለዋል፣ እያንዳንዱም ከገደቡ በታች ይሆናል። የተሻለው አጻጻፍ እንዲህ ያለ ነው፦ «ከአንድ አቅራቢ በተከታታይ 30 ቀናት ውስጥ የሚፈጸሙ ግዢዎች ድምር ከ300,000 ብር ከበለጠ የሁለቱ ሥራ አስኪያጆች የጣምራ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ዱቤ፣ ቅድሚያ ክፍያና ቀብድ በድምሩ ይካተታሉ።» ብር ዋጋው ሲቀያየር መጠኑም ያረጃል፣ ስለዚህ በየዓመቱ ንግድ ፈቃድ ሲታደስ አንቀጹን አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

የባንክ ሒሳብ ጉዳይ ከመመሥረቻ ጽሑፉ ጋር እንዲገጥም መደረግ አለበት። መመሥረቻው የጣምራ ፊርማ እያለ የባንኩ የፊርማ ናሙና ካርድ አንዱ ብቻ እንዲያወጣ ከፈቀደ ባንኩ በካርዱ ይሠራል። በቼክ ላይ ደግሞ የሚፈራው ሌላ ነገር አለ። ስንቅ የሌለው ቼክ በወንጀል ሕግ ቁጥር 693 የሚያስጠይቀው እጁን ያሳረፈውን ሰው ነው። ለማኅበሩ ሲል የፈረመ ሸሪክ ወንጀሉን ብቻውን ይሸከማል፣ ዕዳውን ብቻ ይጋራሉ።

የውጭው ወገን ምን ይጠይቅ?

እስካሁን ያልነው በአብዛኛው ከሸሪኮች በኩል ነው። ከእነሱ ጋር የሚዋዋል ጅምላ ሻጭ፣ አከራይ ወይም ላኪም ሥራ አለበት። «አምኜው ነው» የቅን ልቦና ማስረጃ አይሆንም፣ በቀላሉ ማየት የሚቻለውን ሳያይ የቀረ ከሆነ።

ፈቃዱና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ በኢ-ትሬድ (በኢንተርኔት በሚሠራው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ) ሥርዓት ይታያሉ፤ በስልክ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ የተረጋገጠ የመመሥረቻ ጽሑፍ ቅጂ መጠየቅ፣ ማሻሻያ ካለም ማሻሻያውን ጨምሮ። ብዙ ሰው ዋናውን አይቶ ማሻሻያውን አይጠይቅም፤ ሥራ አስኪያጅ የሚቀየረው ግን በማሻሻያ ነው። የፈራሚው መታወቂያ ላይ ያለው ስም መመሥረቻው ላይ ካለው ጋር እስከ አያት ድረስ ይገጥም። ውሉ ብድር፣ ዋስትና ወይም ቤት የሚነካ ከሆነ ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል፣ ቃለ ጉባኤው ላይም የሁሉም ሸሪኮች ፊርማ። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ በመመሪያ ቁጥር 1001/2016 የገቢ፣ የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ አገር ባለሀብቶች ከከፈተ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ተዋዋይ መብዛቱ አይቀርም። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ ለመሥራት የሚያስብ ማኅበርም እነዚህን ሰነዶች አንድ ላይ አዘጋጅቶ ቢጠብቅ ጊዜ ያተርፋል።

የፊርማው ቦታ ላይ የሚጻፈው ቃል ትንሽ ይመስላል፣ ክርክር ሲነሳ ግን የሚወስን ነው። «ስለ እገሌና እገሌ የኅብረት ሽርክና ማኅበር፣ ሥራ አስኪያጅ» ተብሎ ከስር ስምና ፊርማ ከሰፈረ ማኅበሩ ተዋዋይ ነው። ስሙ ብቻ ካለ ፈራሚው በራሱ ስም እንደተዋዋለ ሊቆጠር ይችላል። ከዚያ ሻጩ ማኅበሩን ሲከስ «ከእኔ ጋር ውል የለህም» ይባላል፣ ፈራሚውን ሲከስ ፈራሚው ምንም ንብረት የለውም። በጽሑፍ የተደረገ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727 የተዋዋዮቹንና የሁለት ምስክሮችን ፊርማ ይፈልጋል፤ ሁለቱም ምስክሮች የአንዱ ወገን ሠራተኞች ባይሆኑ ይመረጣል።

ድሬዳዋ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፣ እሱም የትዳር ጓደኛ ነው። በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 የጋራ ቤትን ለመሸጥ፣ ለማስያዝና ለማከራየት፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደርና ዋስ ለመሆን የሁለቱንም ባልና ሚስት ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር ዛሬ ምሳ ለመጋበዝ እንኳ አይበቃ ይሆናል፤ ቁጥሩ ግን ሕጉ ላይ አለ። ሸሪኩ ለማኅበሩ ብድር የራሱን ቤት መያዣ ካደረገ የሚስቱ ወይም የባሏ ፊርማ ሳይኖር ሰነዱ ላይ መተማመን አይቻልም። ሐረር የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው እዚያ ያለ ቤት ሲያዝ የክልሉን ሕግ ማየት ያስፈልጋል። የፍርድ ቤቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው ወደ 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ የድሬዳዋ የንግድ ክርክር ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲሄድ የሐረሩ ወደ ክልሉ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ውሉ ላይ ማኅበሩ የት እንደተመዘገበ መጻፍ ይህን ጥያቄ ያቀላል።

ሸሪክ ሲወጣ

ከሽርክና የወጣ ሰው ከወጣበት ቀን በፊት ለነበረው ዕዳ ተጠያቂነቱ ይቀጥላል። ከወጣ በኋላ ለተፈጠረው ዕዳም መውጣቱ ንግድ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ፣ አቅራቢዎቹም ካልሰሙ ሊጠየቅ ይችላል። ሥራው በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። መውጣቱን የሚገልጸው ማሻሻያ በሰነዶች ማረጋገጫ ይረጋገጣል፣ ውክልና ከነበረ መሻሪያው አብሮ ይመዘገባል፣ ዋናው ወረቀት ይመለሳል። ቀጥሎ ንግድ ቢሮ መዝገቡ ይታረማል። ከዚያ ለባንኩ፣ ለዱቤ አቅራቢዎች፣ ለመጋዘን አከራዩና ለትራንዚተሩ ለየብቻቸው ደብዳቤ ይሰጣል። ማኅተሙ በእጁ ከሆነ በቃለ ጉባኤ ተረክበው ይወገዳል፣ አዲስ ይቀረጻል። ብዙዎች የመጀመሪያውን ደረጃ ጨርሰው ሦስተኛውን ይረሱታል፤ ሕግ አክብረናል ብለው ያስባሉ፣ አቅራቢው ግን እስከ ዛሬ የሚደውለው ለአሮጌው ሸሪክ ነው።

መለያያ ስምምነቱ ላይ «ያለውን ዕዳ ሁሉ የቀረው ሸሪክ ወስዷል» ተብሎ መጻፉ የተለመደ ነው። ስምምነቱ ሁለቱን ያስራል፣ ባለገንዘቡን ግን አያስርም፤ ዕዳ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወረው ባለገንዘቡ ሲስማማ ነው። ወጪው ሸሪክ በእርግጥ ነፃ መውጣት ከፈለገ ድርሻውን ከማስረከቡ በፊት ከእያንዳንዱ አቅራቢ «እገሌን ከዚህ ዕዳ ነፃ አድርጌያለሁ፣ ከእንግዲህ የምጠይቀው እገሌን ነው» የሚል የተፈረመና ቀን ያለው ወረቀት ይቀበል። የማይፈርም አቅራቢ ካለ የዕዳው መጠን ከድርሻው ዋጋ ተቀንሶ፣ ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ሁለቱም በጣምራ በሚያንቀሳቅሱት ሒሳብ ይቀመጥ።